ከወረታ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ

ደመወዙ ትንሽ፣ ቤተ ሰቡ ትልቅ የሆነ ሰው በዓል ሲቃረብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው የልጆቹን ጥያቄ ነው። በ2011 ዓ.ም. የገና ሰሞን የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ በቴሌቪዥን አንድ የመጫወቻ ስፍራ አየና፣ «አባዬ፣ እኛስ እንዲህ ያለ ቦታ መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ ያዘኝ። ያየው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ዲዝኒላንድን ነበር። የአሜሪካው ይቅርና አምስት ሰው አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስበት ገንዘብ በኪሴ አልነበረምና፣ «ለጥምቀት ጎንደር እወስድሃለሁ» ብዬ ተስፋ ሰጠሁት። ልጅ ደግሞ ተስፋ የተሰጠውን አይረሳም።

ጥር 10 ቀን ማለዳ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ ወረታ መናኸሪያ ተገኘን። ወረታ መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የመጣ መኪና ከዚህ ወይ ወደ ጎንደር ያቀናል፣ ወይ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይታጠፋል። እንግዲህ በከተራ ጧት መናኸሪያዋ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምተው። ነጭ የለበሰው ሁሉ በአንዲት በር ለመግባት ይጋፋል፤ ረዳቱም መኪናው ሞልቶ ሳለ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። እናቴ የስንቁን አገልግል በአንድ ጭኗ፣ የስድስት ዓመቷን ልጄን በሌላው ጭኗ አድርጋ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ሰው ይበዛል» አለቻት። «ብትጠፊ ማልቀስ አይደለም፤ የወረታ ልጅ ነኝ በይ።»

በአገልግሉ ውስጥ ያለው ከጤፍና ከሩዝ ተቀላቅሎ የተጋገረ የፎገራ እንጀራ ነበር። ፎገራ ቀድሞ ስሟ የሚነሣው በወተት ላሞቿ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ሩዝ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ ሲለመድ፣ ገበሬው የሚሸሸው ውሃ የሚዘራበት ሆነ። በጥር ግን ውሃው የለም። ሩዙ ታጭዶ፣ በቀረው እርጥበት የተዘራው ጓያ ሜዳውን እስከ ዓይን ድረስ አለምልሞታል። ልጄ በመስኮት እያየ «ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» ቢል፣ ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ይኸው በመኪናው ውስጥ አለ» ብለው አሳቁን።

ርብን ተሻግረን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን፣ በእንፍራንዝ አጠገብ ከኮረብታው ላይ የቆመውን የጉዛራን ግንብ ለልጆቹ አሳይተን፣ በማክሰኝትና በአዘዞ አድርገን፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ጨርሰን ጎንደር ገባን። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ሸኝተን፣ ከባለቤቴ ወንድም ቤት አደርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ተነሥተን ወረድን።

ዐፄ ፋሲለደስ አሠሩት የሚባለው ይህ መዋኛ በመካከሉ ባለ ፎቅ ግንብ የቆመበት፣ ዙሪያውን በድንጋይ አጥር የተከበበ ነው። የትልልቅ ዛፎች ሥሮች የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት ጨብጠው ይዘውታል። ለበዓሉ ከቀሀ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። ከውሃው አጠገብ ለተመልካች የሚሆን የእንጨት ርብራብ ተሠርቶ ነበርና፣ ከዚያ ላይ እንውጣ ብዬ ቤተ ሰቡን አቻኮልሁ። እናቴ ግን ከአንድ ዛፍ ሥር ቆማ አልንቀሳቀስ አለች።

«ልጄ፣ ከእንጨቱ ላይ ሰው በዝቷል። እንጨት ሲደክመው አይናገርም።»

«እማዬ፣ ከወረታ ድረስ የመጣነው የሰው ጀርባ ልናይ ነው?»

«ጠበሉ ካለንበት ይመጣል።»

እንዲህ ስንከራከር ጸሎቱ ተፈጸመ፤ ውሃው ተባረከ። ወጣቶች ከግንቡ ዳር ዘለው ሲገቡ፣ ሕዝቡም ጠበሉ እንዲደርሰው ወደ ፊት ጎረፈ። በዚህ ጊዜ እጄን ወደ ታች ብዘረጋ ባዶ ነው። ትንሿ ልጄ የለችም።

በትልልቆቹ የመጫወቻ ስፍራዎች ለጠፋ ልጅ የተመደበ ሠራተኛና ክፍል አለ ይባላል። እኔ ግን ከዕልልታው በላይ ስሟን ስጠራ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ስንት ደቂቃ እንደ ቆየሁ አላውቅም፤ የዓመት ያህል ነበር። ኋላ ከውሃው በኩል «የወረታ ልጅ! የወረታ ልጅ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አንዱ ለሌላው እያቀበለ ጩኸቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። ቀና ብል ልብሱ የረጠበ አንድ ጎረምሳ ልጄን በትከሻው ተሸክሟታል። እጄን ባነሣ፣ የማያውቋት ሰዎች በራሳቸው ላይ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ ከእቅፌ አደረሷት። ጎረምሳው ቆይቶ ሲመጣ ገንዘብ ባወጣለት አልቀበልም አለ። እናቴ ግን አገልግሉን ከፍታ ያን የሩዝ እንጀራ ስታጎርሰው እንቢ ማለት አልቻለም።

በ2012 ዓ.ም. ከጥምቀት አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ዩኔስኮ የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ጥር 11 ቀን ግን እዚያው ጎንደር፣ በዚያው ባሕረ ጥምቀት፣ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። ያን ዓመት እኛ ወረታ ነበርን። ወሬውን ስንሰማ እናቴ «ነግሬህ አልነበረም ወይ?» አላለችኝም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከደጅ ተቀመጠች።

ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ እጅም ነው፤ ክብደትም ነው። እጁ ልጄን መልሶልኛል፤ ክብደቱ እንጨት ሰብሯል። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ሰው ይመጣል ብለህ ቤተ ሰብህን ከበዓል አታስቀር። ነገር ግን ከመድረስህ በፊት የት እንደምትቆም አስብ፤ ለልጅህም የሚለውን አስተምረው። ጥሩ ከሚያሳየው ቦታ ይልቅ ጽኑ የሆነውን ምረጥ።

እኛ ከዚያ ወዲህ ለበዓል ስንወጣ፣ በዚሁ በወረታም ቢሆን፣ አስቀድመን አንድ ዛፍ እንመርጣለን። ማንም ቢጠፋ የምንገናኘው እዚያ ነው። ዛፉን የምትመርጠውም ያች የጠፋችው ልጄ ናት።