ማን ማንን ይጠብቃል

በስሜ ተፈርሞ ለአማካሪ መሐንዲሱ የገባው የመጀመሪያው የሥራ ፕሮግራም ውስጥ ከነበረው እውቀት አብዛኛው የእኔ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዎቹን እርስ በርስ ያያያዝኩት እኔ ነኝ። የሚያውቁት ግን ሌላ ሰው ነበሩ፤ ኮምፒውተር ከፍተው የማያውቁ የሳይታችን ዋና ፎርማን። ይህን ለሰው ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። አሁን የምናገረው ውለታቸው ስለከበደኝ ነው፤ ደግሞም እንደ ኤም ኤስ ፕሮጀክት ወይም ፕሪማቬራ ያለ የዕቅድ ሶፍትዌር ለመማር የሚነሱ ወጣት መሐንዲሶችን ሳይ ብዙዎቹ ከማይጀመርበት ጫፍ ሲጀምሩ ስለማይ ነው።

ሕንጻው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ጂ ፕላስ ሰባት ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ የፕላኒንግ ሥራውን ያዢ ተባልኩ። ውላችን እንደ አብዛኛው የግንባታ ውል ዝርዝር የጊዜ ፕሮግራም እንድናስገባ ያስገድድ ነበር። በዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) የ1999 እ.ኤ.አ. ቀይ መጽሐፍ ይህ ግዴታ አንቀጽ 8.3 ላይ ሰፍሮ፣ ኮንትራክተሩ የሥራ መጀመሪያ ማስታወቂያ ከደረሰው በኋላ 28 ቀን ይሰጠዋል። ብዙ ድርጅት ሰነዱን የሚያየው ለደብዳቤ ልውውጥ እንደሚያስፈልግ ወረቀት ነው፤ ከገባ በኋላ የሚከፍተው የለም። ለእኔም የቀድሞ ሕንጻ ፋይል ተሰጥቶኝ «ስሙንና ቀኑን ለውጠሽ አምጪው» ተባልኩ።

ፋይሉን ከፍቼ ሳየው የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ በዚህ ቀን ይሞላል ይላል። ለምን በዚያ ቀን? ለምን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ አልሆነም? መልሱን ብፈልግ ፋይሉ ውስጥ የለም። ቀኑ በእጅ ተጽፎ የተቀመጠ ነበር። የላይኛውን ሥራ በአንድ ወር ባዘገየው የታችኛው ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ላይ ስለ ሶፍትዌሩ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኤም ኤስ ፕሮጀክት ከ2010 እትሙ ወዲህ፣ ካልነገሩት በቀር፣ አዲስ የተጻፈን ሥራ በራሱ አያሰላውም፤ በእጅ የሚመራ አድርጎ ይይዘዋል። ከታች በግራ በኩል ያለውን ምርጫ «አውቶ ስኬጁልድ» ወደሚለው መቀየር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን በሚሉት ዓምዶች ላይ ቀን አለመጻፍ ነው። መጀመሪያው ላይ ቀን ከጻፉበት፣ ሥራው ከዚያ ቀን በፊት እንዳይጀምር የሚያስር ገደብ ይተክልበታል፤ ከጎኑም ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ምልክት ብቅ ትላለች። ከእርስዎ የሚፈልገው ሥራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ምን እንደሚጠብቅ ነው። ቀኑን እሱ ያወጣዋል።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ክሪቲካል ፓዝ የምንለውን ዘዴ በ1957 እ.ኤ.አ. ያበጁት የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ ናቸው፤ የተጠቀሙበትም ኮምፒውተር ዩኒቫክ ይባላል። በዓመቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ፕሮግራሙ ፐርት የተባለውን ተመሳሳይ ዘዴ ይዞ መጣ። ሁለቱም ከመደመርና ከመቀነስ ብዙ አይርቁም። ወደ ፊት እየደመሩ መሄድ፣ ወደ ኋላ እየቀነሱ መመለስ፣ ከዚያ ምንም ትርፍ ቀን የሌላቸውን ሥራዎች መለየት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእርሳስ ሠርተነዋል። ከባዱ ለስሌቱ የሚገባው ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው።

ዋና ፎርማኑ ከአናጺነት የተነሱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከቡና ሰዓት በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሄድኩና «ጋሼ፣ አንድ ሶሌታ እስኪሞላ ምን ምን ይቀድማል?» አልኳቸው። እኔ በዝርዝሬ ላይ የነበረኝ የኮሎን ፌሮ፣ የኮሎን ካሳፎርማ፣ የኮሎን ኮንክሪት፣ የሶሌታ ካሳፎርማ፣ የሶሌታ ፌሮና የሶሌታ ኮንክሪት ነበር። ዝርዝሩን አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና «ይሄ የዕቃ ዝርዝር ነው፣ ልጄ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ልንገርሽ» አሉኝ።

«የታችኛው ፌሮ ሲያልቅ ፌራዮው ይወርዳል። ኤሌክትሪሻኑ ወጥቶ ቱቦውን ይዘረጋል፤ የቧንቧውም ሰው ቀዳዳውን ያስቀምጣል። የላይኛው ፌሮ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከታሰረ ኤሌክትሪሻኑ እጁን የሚያስገባበት የለውም። ፌራዮው መልሶ ይፈታል፣ ቀኑም ሄደ።»

እኔ አንድ መስመር ያደረግሁት የሶሌታ ፌሮ ሁለት ሆነ፤ በመካከሉም ሁለት ሌሎች ባለሙያዎች ገቡ። ጥቂት የሚመስል ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ሰባት ጊዜ ይደጋገማል። ኤሌክትሪሻኑ የንዑስ ተቋራጭ ሰው ስለሆነ፣ በሚፈለግበት ጠዋት ሌላ ሳይት ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዚያም የአማካሪው ፍተሻ አለ፤ ጥያቄው ቀደም ብሎ በጽሑፍ ካልገባ ተቆጣጣሪው አይመጣም፤ እሱ ሳይፈርም ደግሞ ሚክሰሩ አይነሳም። ይህንም ራሱን የቻለ ሥራ አድርጌ ጻፍኩት።

ቀጥለው የነገሩኝ ግን በሥዕሉም ሆነ በሥራ ዝርዝሩ የትም የማይገኝ ነው። «ያለን ካሳፎርማ ለሁለት ሶሌታ ነው» አሉኝ። «ሦስተኛውን ለመጀመር የመጀመሪያው መፈታት አለበት። እሱን ከረሳሽው ፕሮግራምሽ አየር ላይ ነው።»

የተማርንበት መጽሐፍ ሦስተኛው ሶሌታ ሁለተኛውን ይጠብቃል ይላል። እውነት ነው። ግን ደግሞ የመጀመሪያውን ፓኔሎችና መደገፊያዎች ይጠብቃል፤ እነዚያን ለመፍታት ኮንክሪቱ መጠንከር፣ አማካሪውም መፍቀድ አለበት። ይህን ማያያዣ ሳስገባ በስክሪኑ ላይ ክሪቲካል ፓዙን የሚያሳየው ቀዩ መስመር ከቦታው ተነሳ። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የሚያዘገየው የኮንክሪት ቡድኑ ይመስል ነበር፤ አሁን የካሳፎርማው ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ተጨማሪ አንድ ዙር ካሳፎርማ ብንከራይ ስንት ቀን እንደምናተርፍ ከኪራዩ ዋጋ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ለሥራ አስኪያጁ ወሰድኩለት፤ ተከራየን። ሶፍትዌሩ ጥቅሙን ሲያሳየኝ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ያሳየኝ ግን እሳቸው የነገሩኝን ነው።

የኮንክሪቱ መጠንከሪያ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። በሁለት ሥራዎች መካከል የ7 ቀን ቆይታ ብለው ሲጽፉ፣ ሶፍትዌሩ የሥራ ቀኖችን ብቻ ይቆጥራል፤ እሑድንና በዓልን ይዘልላል። ኮንክሪት ግን እሑድ አያርፍም። ለዚህ ከቁጥሩ ኋላ «ኢዲ» (ed) የሚሉት ፊደላት ይጨመራሉ፤ ያኔ ሌሊቱም በዓሉም ይቆጠራል።

ካላንደሩን ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ ብሠራው ደስ ይለኛል፤ ዛሬ የማደርገውም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ይዞት የሚመጣው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን 8፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የእኛ ሳይት ቅዳሜም ይሠራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል። ቅዳሜን የሥራ ቀን ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ የሳምንቱ ሰዓትና የወሩ ቀን ብዛት በሌላ ገጽ ላይ ለብቻቸው ይስተካከላሉ። ካልተስተካከሉ «አንድ ሳምንት» ብለው የጻፉት ሥራ ዛሬም እንደ 40 ሰዓት ይቆጠራል።

በዓላቱን ማስገባት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብዬ «በየዓመቱ ይደገም» ብለው፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ይሳሳታል፤ ያኔ ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ሆኖ ነበር፤ እንቁጣጣሽም መስቀልም በአንድ ቀን ተገፍተዋል። ገና ግን ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል፤ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 የዋለው ለዚህ ነው። ፋሲካ፣ ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ተንቀሳቃሽ ስለሆኑ በየዓመቱ ለየብቻቸው ይገባሉ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሌላ አገር ካላንደር ይዞ ከመሄድ ግን ያድናል።

ከአዋጅ ውጭ ያለውን ደግሞ እንደገና ፎርማኑን ጠየቅኋቸው። «ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሳምንት ሙሉ ሰው አለኝ ብለሽ አትቁጠሪ» አሉኝ። ቀን ሠራተኞቻችን ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ለበዓል የሄደ በማግስቱ አይመለስም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይም ቤተሰቡን አጨዳ ሊያግዝ የሚሄድ አለ። በእነዚያ ሳምንታት የሚውሉትን ሥራዎች ቆይታ ረዘም አደረግሁ። ለቁፋሮና ለውጭ ቀለም ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን በጣም የሚቀንስ የራሳቸው ካላንደር ሠራሁ። ጥቁር አፈር ላይ በክረምት የቆፈረ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ጠዋት የተቆፈረው ማታ ውሃ ይዞ ያድራል።

ፎርማኑ የማያውቁትም ነበር፤ እሱንም ሌሎችን ሄጄ ጠየቅሁ። የግዢ ክፍሉ ስለ ሊፍቱ ሲነግረኝ ወረቀቴ ሞላ። ሞዴሉ ይመረጣል፣ አሠሪው ያጸድቃል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠየቃል፣ ኤል ሲ ይከፈታል፣ ፋብሪካው ያመርታል፣ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ ያልፋል፣ ከዚያ ይገጠማል። ይህን ሰንሰለት በሙሉ ከሕንጻው ሥራ ጋር ሳያይዘው፣ የመጨረሻውን ቀን የሚወስነው ከሳይቱ ውጭ ያለ ወረቀት ሆነ። ሳይቱ ላይ ሌት ተቀን ቢሠራ ሊፍቱ ካልተመረጠ ሕንጻው አያልቅም። ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ፣ መጀመሪያ የተነሳው ነገር አሠሪው የሊፍቱን ሞዴል እስከ መቼ ማጽደቅ እንዳለበት ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፤ ያን ጥያቄ በአፌ ባነሳው የሚሰማኝ አልነበረም። ከስሌት የወጣ ቀን ሲሆን ግን ሁሉም ቁጭ ብሎ ተነጋገረበት።

ፕሮግራሙ ሲጸድቅ ቤዝላይን፣ ማለትም በኋላ የሚሆነው የሚነጻጸርበትን የዕቅዱን ቅጂ፣ አስቀመጥን፤ በየሳምንቱም የሆነውን ማስገባት ጀመርኩ። እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ዘጠና ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ዘጠና ነው። «ስንት ቀን ይቀረዋል?» ሲባል ግን ሰው ቆም ብሎ ያስባል፤ ሠራተኛውን ይቆጥራል፣ የጎደለውን ዕቃ ያስታውሳል። ሶፍትዌሩ ውስጥ የቀረው ቆይታ የሚገባበት የራሱ ዓምድ አለ። ሥራ ሲዘገይም እንደዘገየ ይጻፋል። የዘገየን ሥራ የደበቀ ፕሮግራም ከታች ያሉትን ሁሉ ያሳስታል፤ በዚያ ቀን አምኖ ሰው የቀጠረ፣ ዕቃ ያዘዘ አለና።

ለፎርማኖቹ የማትመው ከሙሉው ፕሮግራም የሚመጡትን ሦስት ሳምንታት ብቻ ነው። የሥራዎቹን ስም በአማርኛ ጻፍኩት፤ እነሱ በሚጠሩበት ስም፤ ሶፍትዌሩ ፊደላችንን ያለ ችግር ይቀበላል። ከፈረንጁ ቀን አጠገብ የእኛን ቀን በእጄ ሞላሁበት። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ «እኔ የምጠብቀውን ጽፈሻል፤ እኔን የሚጠብቀኝ የታል?» አሉኝ። ተከታይ ሥራዎችን የሚያሳየው ዓምድ ተደብቆ ነበር። ከፍቼ፣ ቁጥሮቹን በባለሙያዎቹ ስም ለውጬ በማግስቱ አመጣሁላቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የታችኛው ፌሮ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ፌራዮው ራሱ ኤሌክትሪሻኑ ጋ ይደውላል። እኔ ጋ የሚመጣው የ«ነገ እንመጣለን ወይ?» ስልክም ቀነሰ።