ከሳቢሳዋ እግር ሥር

ወፍን ከነነጸብራቋ ፎቶ ማንሳት ግጥም ከመጻፍ ብዙም አይርቅም። ላይኛው ስንኝ ወፏ ናት፤ ታችኛው ስንኝ ውኃው ውስጥ ያለችው። ሁለቱ ቤት ይመታሉ። ነገር ግን ታችኛው ላይኛውን እንዳለ ከደገመው ግጥምነቱ ይቀራል።

ኑሮዬ ሐዋሳ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን በባንክ መስኮት እቀመጣለሁ፤ እሑድ ማለዳ ካሜራዬን አንግቼ ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ከተማችን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስላለች የጠዋቷ ፀሐይ ከጀርባዬ ወጥታ ወፎቹን ፊት ለፊት ታበራቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚያናውጠው ውኃም በዚያ ሰዓት እንደ መስታወት የረጋ ነው። አባ ኮዳው የዓሣ አጥማጆችን ደጅ ሲጠና፣ ሳቢሳዋ ግን በቀጫጭን እግሮቿ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆማ የራሷን ትጠብቃለች። ውኃ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ዓሣው ካለበት ሌላ ስፍራ ያለ ይመስላል፤ እርሷ ግን በሚታየው ሳትታለል ያለበትን ትወጋለች።

ነጭ ሳቢሳን ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ካሜራው የሚቀበለው ብርሃን ካልተቀነሰ ላባዋ እንደ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ሌንሱ ወደ ውኃው ዝቅ ባለ መጠን ነጸብራቁ ይጎላል፤ ስለዚህ ጭቃው ላይ በደረቴ እተኛለሁ። የውኃው መስመር ከምስሉ መካከል ይራቅ የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ቢጣስ ግድ የለም፤ የታችኛዋ ወፍ ምንቃር እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ግን ግድ ነው።

ልብ ብሎ ለተመለከታት፣ የታችኛዋ ወፍ የላይኛዋ ግልባጭ አይደለችም። ውኃው የሚያያት ከሥር ነውና ከእኛ የተሰወረውን የአንገቷን ሥርና የሆዷን ላባ ያሳየናል። ከብርሃኑም ከፊሉን ለራሱ ስለሚያስቀር ትንሽ ትጠቁራለች። ይህን ነገር ከባንክ ሥራዬም አውቀዋለሁ። የአንድ ሰው ሁለት እውነተኛ ፊርማዎች ጥቂት ሳይለያዩ አይቀሩም፤ በቼኩ ላይ ያለው ከናሙናው ጋር ነጥብ በነጥብ ከገጠመ፣ በላዩ ተደርጎ የተቀዳ እንዳይሆን ያጠራጥራል።

ባለፈው ዓመት ያነሳሁትን የአንዲት ሳቢሳ ምስል አንድ ካሌንደር አሳታሚ ወደደው። የሁለት ወር የቤት ኪራዬን የሚሸፍን ዋጋም ጠራልኝ። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው፣ በግራ እግሯ ላይ የተጠመጠመውን ሰማያዊ የዓሣ መረብ ክር እንዳጠፋ፤ ሁለተኛው፣ የጠቆረውን ነጸብራቅ አንሥቼ በምትኩ ራሷን ወፏን ገልብጬ እንዳስቀምጥ። «ማን ያውቃል?» አለኝ።

ሦስት ምሽት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የእርማት ጠላት አይደለሁም። ከአሥር ስንኞቼ ስድስቱን እሰርዛለሁ። የምስሉንም ጠርዝ እቆርጣለሁ፤ ያዘመመውን አቀናለሁ፤ ካሜራው ውስጥ ገብቶ በምስሉ ላይ ነጥብ የጣለውን አቧራ እጠርጋለሁ። አቧራው የእኔ ነው፤ ክሩ ግን የእርሷ ነው። የሐይቁም ነው። በዚያ ማለዳ ልፈታላት ስጠጋ ክሩን እያንጠለጠለች በርራለች። ውኃው ያንን ክር እንደገና ጽፎታል፤ አንዱ በእግሯ ላይ፣ ሌላው ከእግሯ ሥር። ከሁለቱም ቦታ ብፍቀው በሐይቁ ስም በሐሰት መፈረሜ ነው።

ምስሉን ሳልሰጠው ቀረሁ፤ ኪራዩንም እንደ ወትሮው ከደመወዜ ከፈልኩ። ካሌንደሩ ሌላ ወፍ ይዞ ወጣ፤ ውብ ነው። የእኔዋ ሳቢሳ ከነክሯ ታትማ በክፍሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ ስለ ንጣቷና ስለ ውኃው ጸጥታ ያወራል። ቀጥሎ ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያም ጠጋ ብሎ፣ «እግሯ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ሲል ይጠይቀኛል።