ቀለም ስንጥቅ አይጠግንም!

ላዩ አምሮ ውስጡ የታመመ ሰው ብቻ አይደለም፤ መኪናም አለ። አባታችን ትተውልን ያለፉት አሮጌ ሂሉክስ ፒካፕ እንዲያ ነች። ቶዮታ ሂሉክስን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ የእኛዋ ከሰባዎቹ ሞዴሎች አንዷ ነች። የኋላ ባሌስትራዋን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው መያዣ ዝጎ ተሰንጥቋል።

ታላቅ ወንድሜ «ቀለም ቀብተን እንሽጣት፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?» አለ። ኧረ ጉድ! መያዣው ጭነት ላይ ቢገነጠል የኋላው አክሰል ከመስመሩ ይወጣል። የሚገዛት ሰውዬ እኮ ልጆች አሉት! «እምቢ» አልኩ። ለሠርጌ ያጠራቀምኩትን ብር ነካሁ። እጮኛዬ ምን አለች መሰላችሁ? «ድግሱ ይነስ፣ እንቅልፋችን ይብለጥ።»

በያጁ ሥራውን ያውቃል። ሻንሲውን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ደገፈው። የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ የነዳጅ ታንኩን አወረደ። ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቆ፣ የተበላውን ቆርጦ፣ ግራና ቀኙን በሜትር ለክቶ ወፍራም ላሜራ በየደ። ዝገት ላይ የተበየደ አይዝማ! አዲስ የጎማ ቦኮላ ገባ። ብሎኖቹ የመጨረሻ የጠበቁት መኪናዋ መሬት ቆማ ክብደቷ ካረፈ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቦኮላው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ወንድሜ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ገዢው ሲመጣ ግን ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ባትሪ አብርቶ ሥሯ ገባ!

እናንተም አሮጌ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ ጎንበስ በሉ። ባሌስትራው አጠገብ ትኩስ ቀለም ካያችሁ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ዝገት ከረገፈ፣ ብራችሁን ይዛችሁ እብስ! ቸር እንሰንብት።