ኩሽኔታ ፍለጋ

ታኅሣሥ 18፣ ሮቤ

ትናንት ከአዲስ አበባ ስገባ መሽቶ ነበር። ዛሬ ማለዳ ከቤት ስወጣ ሮቤ የገለባ ብናኝ ትሸታለች፤ የቦና ስንዴ እየታጨደ ነው። የገና ዕረፍቴን ከአጨዳው ጋር እንዲገጥም አድርጌ የመጣሁት ለዚህ ነው።

አጎቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ላይ ኮምባይነር ያሽከረክራሉ። ልጅ ሳለሁ በማሽኑ ጎን «ክላስ» የሚለውን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነብ ነበር። የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ማሽኑ ወደተሠራበት አገር መካኒካል ምህንድስና ልማር ከሄድኩ በኋላ ነው። ጀርመኖች ኮምባይነሩን «ሜድሬሸር» ይሉታል። ማጨድና መውቃት የሚሉት ሁለት ግሶች ተጋጥመው አንድ ቃል ሆነዋል። ማሽኑም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከፊት ያጭዳል፣ ሆዱ ውስጥ ባለው ከበሮ ይወቃል።

ስሄድ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጀርመንኛ አያስፈልግህም» ተብዬ ነበር። ይህን ምክር ለማንም አልሰጥም። ክፍል ውስጥ እውነት ነው፤ ወርክሾፕ ሲገባ ግን ሰዉ የሚነጋገረው በጀርመንኛ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቴክኒሻኑ «ላገር» አምጣልኝ ሲለኝ መዝገበ ቃላቱ «መጋዘን» ስለሚል ወደ መጋዘን ሄድኩ። የፈለገው ኩሽኔታ ነበር፤ ቃሉ ሁለቱንም ነው። በዚያው ሳምንት የማታ ኮርስ ተመዘገብኩ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከላብራቶሪ በኋላ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ እየተከደነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ዳዶ «ሙተር» እንደሚባል፣ ይኸው ቃል እናት ማለትም እንደሆነ የተማርኩ ዕለት እናቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ ኮምባይነሩ ቆመ። አጎቴ ወርደው አዳመጡና፣ «ኢልማ ኮ፣ ኩሽኔታው ሄዷል» አሉኝ። ሳይፈቱት በድምፁ ብቻ ለዩት።

ታኅሣሥ 19፣ ጎባ

ሮቤ ምትክ ኩሽኔታ ሳናገኝ ቀርተን የተሰበረውን ይዘን ወደ ጎባ ሄድን፤ መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራኝ ያለችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ 12ኛ ክፍል ትማራለች፣ ምህንድስና ትፈልጋለች።

«ጋሼ፣ ጀርመንኛ ይከብዳል?»

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሐረግ ጻፍኩላት፦ «ዴር ፎን ዴር ማሺነ ገሽኒተነ ቫይትሰን»። ቃል በቃል ስትፈታው «በማሽኑ የታጨደው ስንዴ» ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ የአማርኛችን ነው። እንግሊዝኛ ስንዴውን አስቀድሞ መታጨዱን ከኋላ ያስከትላል። የጀርመን ቴክኒክ መጻሕፍት በእንዲህ ያለ ሐረግ የተሞሉ ናቸው፤ አብረውኝ የሚማሩ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲታገሉት እኔ ቤቴ የገባሁ ያህል ይሰማኛል። በጥገኛ ዓረፍተ ነገር ግሱ መጨረሻ ላይ ሲመጣም እንደዚያው። አፋን ኦሮሞም አማርኛም ግስን በመጨረሻ ማሳረፍ አስተምረውናል፤ ይህን ሀብት ይዘን እንደምንሄድ ማንም አልነገረኝም ነበር። የሚከብደው የስሙ ፆታ ነው፤ «ዴር»፣ «ዲ»፣ «ዳስ» እያሉ አብዛኛውን በቃል ከመያዝ በቀር መላ የለውም።

ከቋንቋው ይልቅ ገንዘቡ እንደሚብስ አልደበቅኳትም። እኔ ስሄድ ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለቪዛ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማሳየት ነበረበት። ዝም ብላ በመስኮት ወደ ስንዴው ተመለከተች። ጀርመንኛውን ግን ቪዛ ሳትጠብቅ፣ አሁኑኑ እንድትጀምር ለመንኳት።

ጎባ ደርሰን መለዋወጫ ሱቅ ስንገባ ባለሱቁ ኩሽኔታውን ጠርዙ ላይ በጨርቅ ጠረገው፦ 6205። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ፤ 25 ሚሊ ሜትር። በየትኛውም አገር ይኸው ነው። እሱ ግን ሳያሰላ፣ ገና በእጁ ሲይዘው ሣጥኑን አወረደ።

ታኅሣሥ 20፣ ሳነቴ

ማሽኑ ትናንት ማታ ተነሣ። ዛሬ ልጅቷን ይዤ ከጎባ ሽቅብ ወጣሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ስለሚሆን መኪናችን ዳገቱን እያቃሰተ ነው የጨረሰው። አስታው ላይ አመዳይ አለ። ቀዩ ጉብታ ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ ጥርት ብሎ ይታያል።

መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያው የጀርመንኛ ጽሑፍ ስለነዚህ ተራሮች ነበር። የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት የመራው ቡድን ፊንጫ ሀበራ በተባለ የአለት መጠለያ ቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመውን ግኝት ይተርካል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በእነዚህ ተራሮች ላይ ይኖሩ ነበር፤ ባልጩት ይጠርቡ፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። የገዛ አገሬን ወሬ በሰው አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

«ፍልፈሉን ምን ይሉታል?» አለችኝ።

«ሪዘንማውልቩርፍስራተ።»

ቃሉን ደብተሯ ላይ ጻፈችና እኔ ስፈታላት ሦስት ቦታ በእርሳስ ከፈለችው። ግዙፍ፣ ፍልፈል፣ አይጥ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።