የእማዬ እንዝርትና የጋራዡ ቶርኖ

እማዬ ሚኒሶታ እኛ ዘንድ የከረመችው በበረዶው ወራት ነበር። ሻንጣዋ ሲከፈት ከበርበሬው፣ ከሽሮውና ከበሶው መሀል አንድ ፌስታል የተባዘተ ጥጥና አንዲት እንዝርት ወጡ። ጧት ጧት ሳሎኑ መስኮት ሥር ትቀመጥና አመልማሎውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቷን በቀኝ መዳፏ ጭኗ ላይ ሰደድ አድርጋ ትለቃታለች። እንዝርቷ ስትሾር የቆመች ትመስላለች፤ መዞሯ የሚታወቀው ክሩ ሲረዝም ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት የምታደርገው ነገር ነው። መፍተል ከመጀመሯ በፊት፣ አንድም ቀን ሳትረሳ፣ የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ከኋላዋ ትወሽቀዋለች።

እኔ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ አለኝ። ቃሉን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ «ቶርኖ ቤት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ብረት፣ የማሽን ዘይትና የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ ነው። የእንጨቱ ቶርኖ የዚያ ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ በዕድሜ ግን ታላቁ እሱ ነው። የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የረከቦት እግር፣ ሳህን፣ የመዶሻ እጀታ፣ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ከእሱ ይወጣል። በሌላው የእንጨት ሥራ እንጨቱ ይቆምና መሣሪያው ይሄዳል፤ መጋዙ ይሄዳል፣ መላጊያው ይሄዳል። ቶርኖ ላይ መሮው አርፎ እንጨቱ ይዞራል። ደስታውም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ግብፅ ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 300 ዓመት ገደማ በተሠራው በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ሰዎች በቶርኖ ሲሠሩ የሚያሳይ ቅርጽ አለ። አንዱ በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ወዲያና ወዲህ ይስባል፣ ሌላው መሮውን ይዟል። ከብዙ ዘመን በኋላ በእንግሊዝ አገር፣ በቺልተርን ኮረብታዎች ጫካ ውስጥ፣ የወንበር እግር የሚያወጡ ሰዎች ገመዱን ከላይ ከሚለመጥ እንጨት፣ ከታች ከእግር መርገጫ ጋር አሰሩት። ሲረግጡት እንጨቱ ወደ እነሱ ይዞራል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይፈታል፤ መሮው የሚቆርጠው ግማሹን ጊዜ ብቻ ነው። የዚያን ቶርኖ ነገር ሳስብ አንድ ነገር አደንቃለሁ። ሰውየው ከደነገጠ እግሩ ይቆማል፤ እግሩ ከቆመ እንጨቱም ይቆማል። የእኛ ሞተር ግን ሰው ደነገጠ ብሎ አይቆምም።

የመጀመሪያውን ማሽን የገዛሁት በዋጋው ርካሽነት ነው። ሞተሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ብቻዬን አንስቼ ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጠው ቀላል ዕቃ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ፍጥነቱ በደቂቃ 750 ዙር ነበር። ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ በመጋዝ ብቻ የተስተካከለ ግንድ ክብ አይደለም፤ አንድ ጎኑ ይከብዳል። ያንን በ750 ሳስነሳው ጠረጴዛው ከነማሽኑ ወለሉ ላይ መራመድ ጀመረ። ያን ቀን የተማርኩትን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ፦ ቶርኖ ስትገዙ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ክብደቱንና የታችኛውን ፍጥነቱን ጠይቁ። ከፍተኛው ፍጥነት የሁሉም ማሽን ይበቃል፤ የሚለያዩት ከታች ነው። ከ100 ዙር በታች ወርዶ በዝግታ የሚነሳ ማሽን ያልተስተካከለ ግንድ ይታገሣል። አሁን ያለኝ ያገለገለ ነው፤ ሁለት ሆነን ተጋግዘን ነው ያስገባነው፣ ከሥሩ ያለው መደርደሪያ ላይም የአሸዋ ከረጢቶች ደርድሬበታለሁ።

መጠኑ በሁለት ቁጥር ይነገራል። «12 ኢንች» ከተባለ፣ ከሚዞረው ዘንግ መሀል እስከ ማሽኑ አልጋ 6 ኢንች አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከ12 ኢንች የሚሰፋ ሳህን አይገባም። ሁለተኛው ቁጥር ከሞተሩ ራስ እስከ ኋላው መያዣ ያለው ርዝመት ነው፤ የወንበር ወይም የጠረጴዛ እግር ማውጣት የሚፈልግ ሰው ይህንን መለካት አለበት። የዘንጉ ጥርስም የተለመደ ዓይነት ይሁን። በአሜሪካ ብዙዎቹ መካከለኛ ማሽኖች ባለ 1 ኢንች፣ በኢንች 8 ጥርስ ናቸው፤ ቻክ የሚባለው ባለ አራት መንጋጋ መያዣ እንደ ልብ የሚገኘው ለእንዲህ ያለው ነው። ስትቆሙ ዘንጉ በክርናችሁ ልክ ካልሆነ ደግሞ ከፍ አድርጉት፤ አጎንብሶ የሚሠራ ሰው ወገቡ ሲደክም እጁም ይደክማል።

ገንዘባችሁን ሁሉ ግን ማሽኑ ላይ አትጨርሱ። መሮዎቹ፣ ቻኩና የመሳያ ማሽኑ ሲደመሩ ቀላል ወጪ አይደሉም። ዱልዱም መሮ አይቆርጥም፣ ይጋፋል፤ የሚጋፋ መሮ ደግሞ በእንጨቱ ይነከሳል። ሲነከስ እጀታው ከእጅ ሊመነጭቅ፣ ሳህኑም ከመንጋጋው ሊወጣ ይችላል። ሰፊውን ጎድጓዳ መሮ፣ ባለ አራት ማዕዘን እንጨት ለማክበብ የተሠራውን ማለቴ ነው፣ ሳህን ላይ አትጠቀሙበት። እጀታው ውስጥ የሚገባው አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ሳህን ላይ ሲነከስ እዚያ ጋ ይሰበራል። ይህንን ብዙ ሻጭ አይነግራችሁም።

እንጨት እዚህ በነጻ ይገኛል፤ ምክንያቱ ግን ያሳዝናል። አሽ የሚባለውን ዛፍ የሚገድል አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2009 ሴንት ፖል ውስጥ ከተገኘ ወዲህ፣ በየመንገዱ ጥላ ሆነው የኖሩ ዛፎች ተራ በተራ ይቆረጣሉ። ተባዩ እንዳይዛመት እንጨቱን ከአካባቢው ማራቅ አይገባም፤ እዚያው ጎረቤት የወደቀውን ግን ባለቤቱን ጠይቄ እወስዳለሁ። እርጥብ እንጨት መቁረጥ ደስ ይላል። ፍቅፋቂው እንደ ረጅም ሪባን እየተጠቀለለ በትከሻ ላይ ያልፋል፣ ሽታውም ትኩስ ነው። ሳህኑን ግን በአንድ ቀን አልጨርሰውም። የግድግዳው ውፍረት ከስፋቱ አንድ አሥረኛ እስኪሆን እፈለፍለውና ጫፎቹን ሰም ቀብቼ ለወራት አቆየዋለሁ። ሲደርቅ ይጣመማል፤ የተውኩለት ውፍረት ያን ጊዜ ለማስተካከል ይበቃል።

አንዱ ሳህን ግን አልቆየም። ከቅርፊቱ አጠገብ የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ነበረችበት፤ አይቻታለሁ፣ «ስፈለፍለው ትጠፋለች» ብዬ ቀጠልኩ። አልጠፋችም። ግማሹ ሳህን ተገንጥሎ የጋራዡን በር መታው፤ ቆርቆሮው እስከ ዛሬ ጎድጉዷል። ከእንጨቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆሜ ስለነበር አልነካኝም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ግንድ በጣቴ አንኳኩቼ እሰማዋለሁ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ነው። መነጽር ብቻ አይበቃም፤ አገጭ ድረስ የሚወርድ የፊት መከለያ አደርጋለሁ። ማሽኑን ሳበራም ከሳህኑ ፊት ዞር እላለሁ።

ፍጥነትን በተመለከተ በእጅ የሚሰላ ልክ አለ። የእንጨቱን ስፋት በኢንች ወስዳችሁ በዙሩ ብዛት ስታባዙት ከ6000 እስከ 9000 ባለው ውስጥ ይሁን። 12 ኢንች ሳህን ከ500 እስከ 750 ዙር ይበቃዋል ማለት ነው፤ ያውም ከተስተካከለ በኋላ። ያው ሳህን በስህተት በ3000 ቢነሳ ጠርዙ በሰዓት ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስለዚህ አንዱን ሥራ ጨርሼ ሌላውን ስጀምር መጀመሪያ የማየው የፍጥነቱን መቆጣጠሪያ ነው፤ ትናንት ለቀጭን እጀታ የሠራሁበት ፍጥነት ዛሬ ለሳህን ይጠብቀኝ ይሆናል።

የሚኒሶታ ጋራዥ በጥር ወር ይበርዳል። የእጅ ጓንት ያስመኛል፤ ጓንት ግን በቶርኖ አጠገብ አይደረግም፣ አንድ ጣቱ ከተያዘ እጅን ይዞ ይሄዳልና። እኔ እጄን ቤት ውስጥ አሙቄ፣ እጅጌዬን እስከ ክርን ሰብስቤ እገባለሁ። ቀለበትና ሰዓት ወጥ ቤት ይቀራሉ።

አንድ ቀን እንዲሁ ስሠራ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። «ቡና ደርሷል፣ ልጄ» አለች እማዬ። ቀና ስል ነጠላዋ በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጥለቱ እየተወዛወዘ ወደ እኔ ትመጣለች። ማጥፊያውን ተጫንኩና «እማዬ፣ ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ጠፋ፤ ሳህኑ ግን አልቆመም። ከባድ እንጨት ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ይዞራል፤ ሰባት ያህል ቆጠርኩ። እሷም ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እናቴ ላይ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም።

ቡናው ላይ ምክንያቱን ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2011 የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ተማሪ ሌሊት በብረት ቶርኖ ስትሠራ ፀጉሯ ተይዞ ሕይወቷ ማለፉን አጫወትኳት። እማዬ ሲኒውን አስቀመጠችና ከንፈሯን መጠጠች። «እናቷ እንዴት ቻለችው» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «እንዝርት እንኳ ያገኘውን ይጠመጥማል፤ ይሄማ ምን ይምራል» አለችኝ። ነጠላዋን ለምን እንደምትወሽቀው ያን ጊዜ ገባኝ።

እንዝርቷ አርጅታ ስለነበር አዲስ ልሠራላት ተነሳሁ። ከሳህን ይቀላል ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ርዝመቷ ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ከእርሳስ የቀጠነች ዘንግ ቶርኖ ላይ ስትቀጥን መሀሏ ይንዘፈዘፋል። መሮው ሲገፋት ትሸሻለች፣ ሲለቃት ትመለሳለች፤ ላይዋም ጠመዝማዛ ሽንትር ያወጣል። የኋላውን መያዣ ላላ አደረግሁ፤ በጣም ከተጫናት ትጎብጣለችና። መሮዬን ሳልኩ፤ በግራ እጄ ጣቶች ከኋላዋ በስሱ እየደገፍኩ፣ ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ትንሽ በትንሽ እየጨረስኩ ሄድኩ። በብርጭቆ ወረቀት ከማለስለሴ በፊት የመሮ ማሳረፊያውን አነሳሁት፤ ጣት በእሱና በእንጨቱ መካከል እንዳይገባ ነው። ማስክ አደረግሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል፤ መሬት ላይ የወደቀው ፍቅፋቂ ሳይሆን ዓይን የማያየው ዱቄት ነው የሚጎዳው።

ለመቀባት የተልባ ዘይት አመጣሁ፤ በጨርቅ ሳይሆን ሲያዝ በሚበጠስ የወረቀት ፎጣ ነው የምቀባው። እማዬ ተልባ መሆኑን ስትሰማ ደስ አላት፤ ለእሷ ተልባ የሆድ መድኃኒት ነው። ዘይት የጠጣውን ፎጣ አጨማድጄ እንደማልጥል ግን ነገርኳት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ወይም ወረቀት ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ፎጣውን ውጭ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።

የመጀመሪያዋን እንዝርት ይዛ አንድ ጊዜ ጭኗ ላይ ሰደደቻት። «ከብዳለች፣ ክሩን ትበጥሳለች» ብላ መለሰችልኝ። ሁለተኛዋ ተወዛወዘች፤ ክቧ ማመዛዘኛ የተበሳችው ከመሀሏ ትንሽ ወጣ ብላ ነበር፣ እኔ በዓይኔ ያላየሁትን እሷ በጣቷ አገኘችው። ሦስተኛዋን ስታሾራት ዝም አለች። አመልማሎውን አነሳችና መፍተል ጀመረች።

ቶርኖ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የሚሠራ ሰው አጠገብ ቆማችሁ እዩ። የአሜሪካ የእንጨት ቶርኖ ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተ ነው፤ መቀመጫው እዚሁ ሴንት ፖል ሲሆን በየከተማው ቅርንጫፎች አሉት፤ ብቻችሁን ከምትጀምሩ እነሱ ዘንድ አንድ ቅዳሜ ብታሳልፉ ይሻላል። ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት ደግሞ እንጨቱን በእጃችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት፤ የሚነካው ነገር ካለ በእጅ ሲዞር ይንካ።

እማዬ ወደ አገሯ ስትመለስ ሦስተኛዋን እንዝርት ይዛት ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን ከወጥ ቤት ወደ ጋራዥ በሚያስገባው በር ላይ ሚስማር እንድመታላት ጠየቀችኝ። አሁን እዚያ ሁለት ሚስማር አለ። በአንደኛው የፊት መከለያዬ ይሰቀላል፤ ሁለተኛው የነጠላ ነው።