የትኛው ይርጋጨፌ?

ባለፈው ዓመት በአንድ ባዛር ላይ የምሠራበትን ድርጅት እሽግ ቡና እያስተዋወቅን ሳለ አንዲት እናት ወደ ድንኳናችን ጠጋ አሉ። ያቀረብንላቸውን ስኒ ጠጥተው ሲጨርሱ ፓኬቱን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ እኔ የዲላ ሰው ነኝ። ይርጋጨፌ ይላል፤ የትኛው ይርጋጨፌ ነው?» አሉኝ።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ፈገግ ብዬ «ትክክለኛው!» አልኳቸው። ሳቁ። መልስ እንዳልሰጠኋቸው ግን እሳቸውም እኔም አውቀናል።

በፓኬቱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ከይርጋጨፌ ኮረብታዎች በቀጥታ ወደ ቤትዎ» ይላል። ይርጋጨፌን ግን ረግጬ አላውቅም ነበር። ቡናውን ከአንድ አቅራቢ እንደምንገዛ አውቃለሁ፤ አቅራቢው ከየት እንደሚያመጣው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ኅዳር ሲገባ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ ዲላ ወረድኩ።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሐዋሳ በኋላ መንገዱ የሲዳማን አረንጓዴ መንደሮች አቋርጦ ወደ ጌዴኦ ይገባል። ወቅቱ የቡና ለቀማ ስለነበር ከተማዋ በባጃጅና በጭነት መኪና ተጨናንቃለች። እኔ ግን የቡና እርሻ ለማየት ቸኩዬ ነበርና በማግስቱ ጠዋት በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ጉዞ ጀመርኩ።

ለካ በመኪና መስኮት ስመለከተው የቆየሁት ሁሉ የቡና እርሻ ኖሯል! እኔ የጠበቅኩት በመስመር የተተከለ ሰፊ ማሳ ነው። የጌዴኦ እርሻ ግን ሲያዩት ጫካ ይመስላል። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በመካከሉ ቡና፣ በዛፎቹ መሀል ደግሞ የሰው ቤት አለ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከጥንታዊዎቹ ትክል ድንጋዮች ጋር ይህንኑ ከዛፍ ጋር ተስማምቶ የመኖር ጥበብ ዐይቶ ነው። የአንዱ ገበሬ ቡና የት አልቆ የጎረቤቱ የት እንደሚጀምር ለእንግዳ ዓይን አይለይም።

ድንበሩ የሚጠፋው በጓሮ ብቻ አይደለም። የጌዴኦ ዞን በሰሜን ከሲዳማ፣ በቀሪው አቅጣጫ ሁሉ ከኦሮሚያ ጋር ይዋሰናል። ዛፉም አፈሩም ዝናቡም ድንበር ሲደርስ አይቆምም።

ከይርጋጨፌ ከተማ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቀኑን ዋልኩ። ገበሬዎች ቀዩን እሸት በጆንያ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ይመዘንና ይመዘገባል። ከዚያ በመፈልፈያ ማሽን ይላጣል፤ ገንዳ ውስጥ ሆኖ እንዲብላላ ይተዋል፤ በብዙ ውኃ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማሉ።

እሸታቸውን አስመዝነው ጥላ ሥር ያረፉ አንድ አዛውንት አገኘሁ። «አባባ፣ የይርጋጨፌ ሰው ነዎት?» አልኳቸው።

«እኔ የኮቾሬ ነኝ» አሉ። «ይርጋጨፌ ለገበያ እሄዳለሁ እንጂ ቡናዬ የኮቾሬ ነው። ሚዛን ላይ ሳለ የእኔ ነው። ገንዳ ሲገባ የሁላችን ይሆናል። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ይርጋጨፌ ነው ይሉታል።»

«ይከፋዎታል?»

«ስሙስ ጥሩ ስም ነው» አሉና ዝም አሉ። ቆየት ብለው «ግን ልጆቻችን ቡናችን የት እንደደረሰ ቢያውቁ ደስ ይለናል» አሉኝ።

አዛውንቱ የነገሩኝ እውነት ነው። ይርጋጨፌ የከተማም የወረዳም ስም ነው። በቡና ንግድ ግን የጣዕም ምድብም ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. የቡና ግብይት ሲጀምር ከወናጎ፣ ከኮቾሬ፣ በኦሮሚያ ውስጥ ካለው ከገላና አባያ ሳይቀር የሚመጣ ቡና በይርጋጨፌ ምድብ ሥር ተመደበ። ዲላ በሚገኘው ቅርንጫፍ ቀማሾች ስኒውን ይቀምሳሉ፤ የታወቀው የአበባና የሎሚ ቃና ያለው «ሀ»፣ የሌለው «ለ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቡናው የሚሸጠው በምድቡና በደረጃው ስለነበር ገዢው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደወጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ይርጋጨፌ በሕግ የተመዘገበ የንግድ ምልክትም ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ይህ ስሙ የማን እንደሆነ አስከብሯል። በፓኬቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ከየትኛው ጓሮ እንደተለቀመ ግን አይናገርም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የተለያየ ስምና የተለያየ ታሪክ ይዘው የሚሸጡ ብዙ የራይ ውስኪ ዓይነቶች የተጠመቁት በኢንዲያና ግዛት፣ ሎውረንስበርግ በምትባል ከተማ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሕጉ ውስኪው በአንድ ግዛት ተጠምቆ ሌላ ግዛት አድራሻው ባለ ድርጅት ስም ሲሸጥ፣ የተጠመቀበት ግዛት በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። አስተዋይ ጠጪ የፊቱን ጽሑፍ ትቶ የጀርባውን ያነባል።

የእኛም ቡና መንገዱ እየተከፈተ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በወጡ ደንቦች ደግሞ ምንጩ የታወቀ ቡና መሸጥ ቀሏል። ዛሬ በውጭ አገር ፓኬቶች ላይ አሪቻ፣ ኮንጋ፣ ኢዲዶ፣ ወርቃ የሚሉ የቀበሌ ስሞች ይነበባሉ። ቶኪዮ ያለ ጠጪ የሚያውቀውን ስም አዲስ አበባ ያለነው አለማወቃችን ግን አሳፈረኝ።

ስለዚህ ቡና ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የየትኛው ወረዳ ነው? ሁለተኛ፣ በየትኛው ጣቢያ ወይም ማኅበር ተዘጋጀ? ሦስተኛ፣ የታጠበ ነው ወይስ በደረቁ የተዘጋጀ፣ የተለቀመውስ መቼ ነው? ሻጩ ሦስቱንም ባይመልስ እንኳ «አላውቅም» ካላችሁ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። እኔ ያንን ማለት አቅቶኝ ነበር።

ተመልሼ ለአቅራቢያችን ደወልኩ። ሁለት ቀን ቆይቶ «ከኮቾሬና ከገደብ የተቀላቀለ ነው» አለኝ። አለቃዬ መጀመሪያ ላይ ቅር አላቸው። «ኮቾሬን ማን ያውቃል? ሰው የሚገዛው ይርጋጨፌን ነው» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ገበያው እንደዚያ ነው። «ካልጻፍነው መቼ ያውቀዋል?» አልኳቸው። በመጨረሻ ተስማማን። ይርጋጨፌ የሚለው ስም በትልቁ ቀረ፤ ከሥሩ «ጌዴኦ ዞን፣ ኮቾሬና ገደብ ወረዳ፣ የታጠበ» የሚል መስመር ተጨመረ። «በቀጥታ» የሚለውን ቃል በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

ዘንድሮም ባዛር አለ። እኚያ እናት ከመጡ ፓኬቱን ራሴ ገልብጬ አሳያቸዋለሁ። የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ከጠየቁኝ ግን ገና አላውቅም። እሱንም ጠይቄ አመጣለሁ እላቸዋለሁ።