በባዶ ሆድ ወደ ግሽ ዓባይ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል በእኛ ቤት ተረት ብቻ አልነበረም። እናቴ የተወለደችው በምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ወረዳ፣ ዓባይ ከሚፈልቅበት ከግሽ ምንጭ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። በልጅነቷ ወደ አዲስ አበባ መጣች፤ እኔን እዚሁ ወለደች፤ እኔም ሁለቱን ልጆቼን እዚሁ ወለድኩ። ልጆቼ ዓባይን የሚያውቁት በግድቡ ዜና፣ በቦንድና በዘፈን ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ዓባይ ከየት እንደሚነሳ ብጠይቃቸው የዚያን ጊዜ የ13 ዓመቷ ትልቋ ልጄ ሳታመነታ «ከጣና ሐይቅ» አለች። እናቴ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ «ጣና እንግዳ ተቀባዩ ነው እንጂ ወላጁ አይደለም» ብላ ዝም አለች።

ያ ወቅት ለ2012 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ገንዘብ ስናጠራቅም የነበረበት ነው። ሐሳባችን ዛንዚባር ነበር። ባለቤቴ ያመጣው የጉዞ ወረቀት ላይ ከባሕር ዳርቻው ሌላ «የአካባቢውን እውነተኛ ኑሮ ይቅመሱ» የሚል ነገር አለበት። የቅርንፉድና የቀረፋ እርሻ መጎብኘት፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ምሳ ማብሰል፣ ከዚያ ወደ ሆቴል መመለስ። ደስ ይላል። ዋጋውም ሰዓቱም ተጽፏል። እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር፣ «እኔ ከእንግዲህ ስንት ጥር አለኝ?» አለች። ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ካላት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ዛንዚባር የትም አይሄድም ብለን መኪናችንን ወደ ጎጃም አዞርን።

ትልቁን ከሕፃኑ በፊት

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስተን ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ የልጆቹም ጆሮ እየተደፈነ ይሄዳል። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ዘንድ ስንደርስ እናቴ መስኮት አስከፈተች። «እዩት፤ እዚህ ጎልማሳ ሆኖ ያያችሁትን ነገ ሕፃን ሆኖ ታዩታላችሁ» አለቻቸው። ከዚህ የተሻለ የጂኦግራፊ ትምህርት አላውቅም። ከግሽ የሚነሳው ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይፈስና ጣና ይገባል፤ ከጣና በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ተወርውሮ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ እዚህ በረሃ ውስጥ ይመጣል። ልጄ ካርታ ላይ ስትከተለው ቆይታ፣ «ታዲያ የወጣበትን አገር ነው የሚዞረው» አለች።

ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም አደርን። በማግስቱ ጠዋት ገበያ ወጣን። ጊዜው የበርበሬ ነው። ቀዩ በርበሬ በጆንያና በሸራ ላይ ተዘርግቶ ገበያውን አንድ ቀለም አድርጎታል። ትንሹ ልጄ ማስነጠስ ሲጀምር ሻጯ ሴት ሳቀችና፣ «ይማርህ፤ አዲስ አበባ በርበሬ የሚበቅለው በፌስታል ውስጥ ነው አይደል?» አለችው። እናቴ ዋጋ ስትከራከር ድምፅዋ ተቀየረ። ከተማ ያለሰለሰው ንግግሯ ወደ ጎጃምኛው ተመለሰ። ልጆቼ እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው፤ አያታቸው ሌላ ሰው የሆነች መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ቡሬ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ የሰነበቱባት ከተማ። ከቡሬ በኋላ ጥሊሊ ላይ አስፋልቱን ትተን በቀኝ በኩል ወደ ላይ በሚወጣው የጠጠር መንገድ ገባን። አየሩ ከበርበሬ አገር ወደ ድንችና ገብስ አገር ተለወጠ። ግሽ ያለችበት ከፍታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ቲሸርት ለብሰው የወጡት ልጆች ሹራብ ጠየቁ።

እግርሽን ስጫት

ያረፍነው በእናቴ አጎት ልጅ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ የነበረው ልቅሶና ሳቅ የተቀላቀለበት ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ባለቤቱ ሽበት የወረረው ሰው ቢሆንም እናቴን «እታለም» እያለ እንደ ሕፃን አቅፎ አልለቅ አላት። እኛ ልጆቹን «አያ በሉት» ተብለው የሚጠሩትን አገኙ፤ እኔ ደግሞ እናቴን በልጅነት የቁልምጫ ስሟ የሚጠራ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ከዚያ ውኃ መጣ። ከትልቋ ልጄ ጋር እኩያ የምትሆን የቤቱ ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ በርከክ አለችና የእንግዶቹን እግር ልታጥብ እናቴ ዘንድ ጀመረች። ተራው ልጄ ላይ ሲደርስ እግሯን ሰበሰበች፤ ፊቷ ቀላ። እኩያዋ እግሯን ታጥባት ዘንድ አልሆነላትም። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ። እናቴ ቀስ ብላ፣ «እግርሽን ስጫት። ዛሬ እንግዳ ነሽ፤ ነገ አንቺ ታጥቢያለሽ» አለቻት። ሰጠቻት።

እዚህ ላይ ነው የዛንዚባሩ ወረቀት ትዝ ያለኝ። በዚያ ጉብኝት ያለው ቤተሰብም ደግ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምሳውም ይጣፍጥ ይሆናል። ነገር ግን ከፍሎ የሚቀምስ ሰው በማግስቱ ማስታጠቢያውን ይዞ አይነሳም። እንግድነት የሚያልቀው ሒሳብ ሲከፈል ሳይሆን ተራ ሲደርስ ነው።

እራት ከበላን በኋላ የቤቱ እመቤት፣ «በሉ ከእንግዲህ እህል የለም። ጸበሉ በባዶ ሆድ ነው» ብላ አወጀች።

መጀመሪያ ጠጪ

ጠዋት ገና ጤዛው ሳይረግፍ ወጣን። የስምንት ዓመቱ ልጄ ያለ ቁርስ ከቤት የወጣበት ቀን በሕይወቱ አልነበረም። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ «ራበኝ» አለኝ። አብሮን ይሄድ የነበረ አንድ አዛውንት ካህን ሰምተው፣ «ሕፃን አይደለም? ቆሎ ስጡት፤ እግዚአብሔር አይቆጣም» አሉ። ቆሎውን ከቦርሳ አወጣሁ። ልጄ ግን ከጎኑ የሚራመደውን የቤቱን ትንሽ ልጅ አየው። ያ ልጅ ቆሎውን አላየም፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ እያፏጨ ይሄዳል። የእኔው ልጅ፣ «እሱ ከበላ እበላለሁ» አለ። ቆሎው ወደ ቦርሳዬ ተመለሰ።

ትልቅ ነገር ጠብቆ ለሚሄድ ሰው ቦታው ያስገርማል። ከግሽ ተራራ ሥር ረግረጋማ ሣር፣ የታጠረ ቦታ፣ ጄሪካን ይዘው ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች። ፏፏቴ የለም፤ የሚጮኽ ውኃ የለም። ጫማችንን አወለቅን፤ ሣሩ እግር ሥር እንደ ስፖንጅ ይላል።

ለኦርቶዶክሳውያን ይህ ውኃ በኦሪት ዘፍጥረት ከተጠቀሱት አራት ወንዞች አንዱ የሆነው ግዮን ነው። የቦታው ጻድቅ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ናቸው። የአካባቢው ሰው እንደሚተርከው ጻድቁ ሊይዟቸው የመጡባቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡት፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁት ውኃው አንዲት ፊደል ሳይደመስስ ደረቁን መለሰላቸው። ግሽ የሚለው ስምም ያን ጊዜ ውኃውን ከጠሩበት ቃል የመጣ ነው ይላሉ። በዓላቸው ጥር 13 ይከበራል፤ እኛ የደረስነው የበዓሉ ሕዝብ ከተበተነ በኋላ ስለነበር ቦታው ጸጥ ብሏል።

ይህን ምንጭ ለማየት ሰው ከሩቅ መጥቷል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1618 ቆሞበታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ደርሶ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ለዓለም አወጀ። ብሩስ የአካባቢው ሰዎች ጫማውን እንዳስወለቁት፣ ቁልቁል ሲሮጥም ሁለት ጊዜ እንደ ወደቀ ራሱ ጽፏል። ምንጩን የገለጸው በአረንጓዴ ሣር እንደ ተሸፈነች ትንሽ ደሴት አድርጎ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው፣ «ይኸው ደሴትሽን አገኘሽ» አለኝ። ብሩስ በያዘው የኮኮናት ቅል ከምንጩ ቀድቶ የጠጣው ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ነበር።

ልጄ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ አጠገቧ የቆሙትን አንዲት እናት ጠየቀች። ሴትዮዋ ቆርቆሮ ጣሳ አቀበሏትና፣ «መጀመሪያ ጠጪ ልጄ፤ ፎቶው ይደርሳል» አሏት። ጠጣች። ውኃው ይበርዳል፤ አፈር አፈር የሚል ጣዕም አለው። ፎቶውን ሳታነሳ ስልኳን መለሰችው፤ እስከ ማታም አላወጣችውም።

እናቴን በሁለት ወገን ደግፈን አቀረብናት። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጸበሉን ረጯት። የእናቴ ጉልበት አልዳነም፤ ስንመለስም ደግፈናት ነው። እሷ ግን ለዚያ እንዳልመጣች ገባኝ። ጣሳውን ተቀብላ ጎንበስ ብላ ስትጠጣ የተናገረችው የሟች እናቷን ስም፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ቀጥሎ የልጆቼን ነበር። አራት ትውልድ በአንድ ጣሳ ተጠራ።

ከጸበሉ በታች ውኃው ሣሩን ሰንጥቆ ቀጭን መስመር ይሠራል። ሁለቱ ትንንሽ ልጆች እዚያ ቀድመውን ደርሰዋል። ባላገሩ በአንድ እርምጃ ተሻገረ። የእኔው ትንሽ ወደ ኋላ ተንደርድሮ ዘለለና፣ «ዓባይን ዘለልኩት!» ብሎ ጮኸ። ከሁለት ቀን በፊት ድልድዩ ላይ ያየውን አልረሳም። ቤት ስንደርስ የቀረበውን የድንች ወጥና የገብስ እንጀራ ሁለቱ ልጆች ከአንድ ሞሰብ እንዴት እንደ በሉት አልነግራችሁም።

ያን ዕለት ማታ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት እናቴን ሊጠይቁ መጡ። ማንም ሳይነግራት ትልቋ ልጄ ተነስታ ማስታጠቢያውን ፈለገች። ውኃውን ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሰችው፤ ሽማግሌው ግን መርቀው መርቀው ሊጨርሱ አልቻሉም።

ለመሄድ ላሰባችሁ

ዘመድ ያለውም የሌለውም ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ባዶ እጅ አይኬድ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ጃንጥላ፣ ለቤቱ ቡናና ስኳር ያዙ። እኛ ስንወጣ ለባለቤቱ ገንዘብ በእጁ ለማስያዝ ሞክረን በጣም አስቀየምነው፤ ስኳሩን ግን በደስታ ተቀበለ። በምላሹ ግማሽ ኩንታል ድንችና በሶ ጫነብን። ሴቶች ነጠላ፣ ሁሉም ሰው ወፍራም ሹራብ ይያዝ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ ሰላም በሉ። ወደ ምንጩ በምትሄዱበት ጠዋት አትብሉ፤ እምነታችሁ ሌላ ቢሆን እንኳ የቦታው ወግ ነው፤ ረሃቡም ቦታውን ከመስኮት እንደሚያይ መንገደኛ እንዳትሆኑ ያደርጋል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን ለብዙዎቻችን አርቆታል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ «አትምጡ» ካላችሁም እመኑት። እኛም ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም። እናቴ አሁን ከቤት ብዙም አትወጣም።

ስልኩ ግን ይደወላል። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የአጎቷ ልጅ ድምፅ ሳሎናችንን ይሞላዋል፤ ልጆቹም ተሻምተው «አያ!» ይሉታል። ባለፈው ሰሞን የጠየቀው ስለ ከተማው ኑሮም ስለ ዜናውም አልነበረም። ድንቹ ደርሷል አለ፤ ልጁም ዓባይን አሁንም በአንድ እርምጃ እንደሚሻገረው ለወንድሙ ንገሩልኝ ብሏል።